ኢቭሪያ፣ የጽሕፈት መኪናዬ አገር

ከቱሪን ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ፣ የአልፕስ ተራሮች ከሜዳው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ኢቭሪያ የምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ አለች። ነዋሪዋ ከ25 ሺህ አይበልጥም። ከእኛ አገር ጣሊያን የሚሄድ ሰው ሮምን አይቶ፣ ቫቲካንን ጎብኝቶ፣ ሚላኖ ገበያ ወጥቶ ይመለሳል እንጂ ኢቭሪያ ጎራ የሚል እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር በየቢሮው ከመግባቱ በፊት የመሥሪያ ቤት ደጅ የጠና፣ የዝውውር ወይም የጡረታ ደብዳቤ በእጁ የያዘ የእኔ ዘመን ሰው የዚችን ከተማ ሥራ ሳያውቀው አይቶት ይሆናል። ኦሊቬቲ የሚባለው የጽሕፈት መኪና የተወለደው እዚያ ነው።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት 26 ዓመት በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት የአማርኛ ፊደል በተገጠመለት ኦሊቬቲ ፊት ተቀምጬ ነው። ሁለት ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ ነው። ካርቦን ወረቀት ሲነካካ ጥፍር ሥር የሚቀረውን ጥቁር ቀለም የሠራበት ሁሉ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ቱሪን የምትኖረው ልጄ ሁለተኛዋን ልጅ ስትገላገል ላርሳት ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ከደስታው ጎን ግን አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ልጅ 13 ዓመቱ ነው። በጣሊያን ሥርዓት ልጆች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ መንገድ ይመርጣሉ፤ ወይ ሊቼዮ የሚባለውን ቀለም የሚበዛበት ትምህርት ቤት፣ ወይ የቴክኒክ፣ ወይ የሙያ ትምህርት ቤት። ምዝገባው በጥር ወር ነው። ልጁ ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። አባቱ ደግሞ ሊቼዮ ካልሆነ ብሎ ቆርጧል።

አማቼ ክፉ ሰው አይደለም። በዕቃ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል፤ ወገቡን ያመዋል። አንድ ቀን ማለዳ ቡና ሳቀርብለት እንዲህ አለኝ፦ «እማማ፣ እኔ ካርቶን የምሸከመው እሱ እስክሪብቶ እንዲይዝ ነው። በእጁ ሠርቶ እንዲያድር ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ ምን አመጣኝ?» ይህን የሚል አባት በየቤታችን አለ። ተናግሮ የሚያሸንፈው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ዝም አልኩ።

የልጁ ጠረጴዛ ግን እንደ ጥገና ቤት ነው። የተፈታ ሬዲዮ፣ የተቆራረጠ ሽቦ፣ ከአሻንጉሊት መኪና የወጣ ሞተር። ከመካከሉ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሰማያዊ ሰሌዳ አየሁና «ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «አርዱዊኖ» አለኝ። ሰባት በአምስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን፣ ቺፕ የተበየደባት፣ በጠርዟ የሽቦ ቀዳዳዎች የተደረደሩባት ሰሌዳ ናት። ትንሽ አንጎል ብላት ይቀለኛል። ብርሃን ወይም ሙቀት የሚለይ ሴንሰር ሲገጥሙላት ታያለች፣ ትሰማለች፤ ሞተር ወይም አምፖል ሲያገናኙላት ደግሞ የታዘዘችውን ታደርጋለች። ትእዛዙን በኮምፒውተር ጽፎ በገመድ ይልክላታል። «የት ተሠራች?» ስለው «የተወለደችው ኢቭሪያ ነው» አለኝ።

ኢቭሪያ! ያንን ስም እኔ አውቀዋለሁ። በመኪናዬ ጀርባ ላይ ከኦሊቬቲ ስም ጋር በላቲን ፊደል ታትሞ ለዓመታት አንብቤዋለሁ። አቧራውን ስወለውል እንጂ የሰው መኖሪያ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። «በል ውሰደኝ» አልኩት። ቅዳሜ ተነሣን።

ባቡሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በክረምት ሜዳው ሁሉ በጭጋግ ይሸፈናል። ወደ ኢቭሪያ ሲቃረቡ ጭጋጉ ይገፈፍና ከምሥራቅ በኩል በገመድ የተለካ የመሰለ ቀጥ ያለ ረጅም ኮረብታ ይታያል። ሴራ ይሉታል። በጥንት ዘመን ከተራራው የወረደ የበረዶ ግግር ድንጋይና አፈር እየገፋ የከመረው ነው። ከተማዋን ዶራ ባልቴያ የሚባለው ወንዝ ያቋርጣታል፤ ከሞንት ብላንክ በረዶ ስለሚነሣ ውኃው ብርድ ብርድ ይላል። ከአናቷ ላይ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቀይ የሸክላ ጡብ ቤተ መንግሥት ቆሟል። አራት ግንቦች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1676 ባሩድ የተከማቸበትን አንዱን መብረቅ መትቶት ፈነዳ፤ ዛሬ ሦስቱ ሙሉ ናቸው፣ አራተኛው ጉማጅ ነው።

ወደ አሮጌው ከተማ የሚያስገባው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ «አርዱዊኖ» ይባላል። የልጅ ልጄ ስሙን ሲያይ ሳቀ። አርዱዊኖ የዚች ከተማ ገዥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1002 የጣሊያን ንጉሥ ሆኖ ነገሠ፤ ብዙም ሳይቆይ የጀርመኑ ሄንሪ ዙፋኑን ቀማው። በእሱ ስም የሚጠራ ቡና ቤት ነበር፤ ሰሌዳዋን የሠሩት መምህራን እዚያ መቀመጥ ያዘወትሩ ስለነበር ስሟን ከዚያ ወሰዱላት። ዙፋኑን የተቀማ ንጉሥ ከሺህ ዓመት በኋላ ስሙ በዓለም ሕፃናት ጠረጴዛ ላይ ዋለ።

ከአሮጌው ከተማ ወጥተን ጀርቪስ ወደሚባለው መንገድ ሄድን። የኦሊቬቲ ሕንፃዎች እዚያ ተሰልፈዋል። መጀመሪያ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1896 የተሠራው ቀዩ የጡብ ፋብሪካ ነው። ካሚሎ ኦሊቬቲ የሚባል መሐንዲስ የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ ይሠራበት ነበር። በ1908 የጽሕፈት መኪና ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1911 የመጀመሪያዋን መኪና ቱሪን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ከቀዩ ጡብ ቀጥሎ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተሠራው ፋብሪካ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። ሠራተኛው ከመኪናው ቀና ሲል ተራራውን እንዲያይ፣ መንገደኛውም ውስጡን እንዲያይ ነው።

ይህን ያሠራው የካሚሎ ልጅ አድሪያኖ ነው። አድሪያኖ ለሠራተኛው ልጆች መዋያ፣ ለሠራተኛው ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በ1950ዎቹ የሳምንቱን የሥራ ሰዓት ከ48 ወደ 45 ሲያወርድ ደመወዝ አልቀነሰም። ደራስያንንና ሠዓሊዎችን ቀጥሮ ከመሐንዲሶች ጋር አብረው እንዲሠሩ አደረገ። በ1950 የወጣችው ሌቴራ 22 የተባለች ቀላል መኪና የተነደፈችው ማርቼሎ ኒዞሊ በሚባል በሥነ ጥበብ በተማረ ሰው ነው፤ የውስጥ አካሏን የሠራው መሐንዲሱ ጁዜፔ ቤቾ ነው። ዛሬ ኒው ዮርክ ባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች። የጽሕፈት መኪናው ዘመን ሲያልፍ ኢቭሪያም ጭር አለች። ብዙዎቹ አዳራሾች ዛሬ ማሽን የለባቸውም። ዩኔስኮ በ2018 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

በከተማዋ «ቴክኖሎጂካሜንቴ» የሚባል ሙዚየም አለ። የኦሊቬቲ መሣሪያዎች በዘመን በዘመን የተደረደሩበት፣ ልጆችም ቁጭ ብለው የሚሠሩበት ቤት ነው። እዚያ ክዳኗ የተነሣ አንዲት የጽሕፈት መኪና ነበረች። ቁልፉን ስትጫን ዘንጉ ሲነሣ፣ ፊደሉ ዘሎ ሪባኑን ሲመታ፣ ጋሪው አንድ ርምጃ ሲፈናጠር ሁሉም ይታያል። ልጁ ዓይኑን መንቀል አልቻለም። «እማማ፣ ምንም አልተደበቀም» አለኝ።

እኔም የአማርኛውን አሠራር አስረዳሁት። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፤ በሃምሳ ቁልፍ አይገባም። ስለዚህ ገጣጥመን ነው የምንጽፈው። «ለ»ን እመታለሁ፣ ከጎኑ ጭረት እቀጥልበታለሁ፣ «ሉ» ይሆናል። ይህን ዘዴ የጣሊያን ሰው ብቻውን አልፈለሰፈውም። ከጠላት ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የውጭ አገር የጽሕፈት መኪና ወስደው ለእኛ ፊደል እንዲገዛ አድርገው ሠርተዋል። የሌላውን ዕቃ ፈቶ፣ አሠራሩን ገብቶት፣ ለራሱ ጉዳይ መልሶ የገጠመ ኢትዮጵያዊ ነበረ ማለት ነው። ልጁ ስማቸውን በስልኩ ላይ ጻፈው።

ከዚያ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ ሲናገር ይቸገራል፤ እኔም ጣሊያንኛ አልችልም። አንድ ወር አብረን ስንኖር ወሬያችን ከ«በላህ?» እና ከ«በረደሽ?» ብዙም አልራቀም ነበር። ከመኪናዋ አጠገብ የመፍቻ ዕቃዎች ተደርድረዋል። እኔ በጣቴ እያሳየሁ «ይቺ ካቻቢቴ ናት፣ ይቺ ፒንሳ፣ ያቺ ሞርሳ» አልኩ። ልጁ ደንግጦ ዞረ። «እማማ፣ ጣሊያንኛ ትችያለሽ እንዴ?» አለኝ። «አማርኛ ነው እንጂ!» አልኩት። ላሜራ አልኩት፤ ላሜራ አለኝ። ፌሮ፣ ቡሎን፣ ጎማ፣ ፋብሪካ። «መኪና» ራሱ የእነሱ ማኪና ነው። የጽሕፈት መኪና የምንለውን እነሱም ልክ እንደዚያው ይጠሩታል።

በእኔ ዕድሜ ላለን ሰዎች ጣሊያን ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን አምስቱ የመከራ ዓመት ነው። ያ አይረሳም። እነዚህ ቃላት ግን የጋራዥና የግንባታ ሠራተኛው ከሙያው ጋር ተቀብሎ፣ የእኛ አድርጎ ያቆያቸው ናቸው። ልጁና እኔ ያንን ቀን ሙሉ ስናወራ የዋልነው በእነሱ ነው።

ከፋብሪካው ብዙም ሳይርቅ ሰማያዊ ንጣፍ የለበሰ ሕንፃ አለ፤ ሰማያዊው ቤት ይሉታል። ቀድሞ የኦሊቬቲ የምርምር ማዕከል ነበር። በ2001 የዲዛይን ትምህርት ቤት ገባበት። ተማሪዎቹ የሥነ ጥበብና የንድፍ ሰዎች ናቸው፤ የሚነካና የሚንቀሳቀስ ነገር መሥራት ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የነበረው ሰሌዳ 100 ዶላር ገደማ ያወጣል፣ ለመማርም አስቸጋሪ ነው። ሄርናንዶ ባራጋን የሚባል ኮሎምቢያዊ ተማሪ ለመመረቂያው ዋይሪንግ የተባለ ለጀማሪ የሚቀል ሥርዓት ሠራ። በ2005 መምህሩ ማሲሞ ባንዚ፣ ስፔናዊው መሐንዲስ ዴቪድ ኳርቲዬየስና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከዚያ ተነሥተው በ30 ዶላር ገደማ የሚገዛ ሰሌዳ ሠሩ። አርዱዊኖ እሷ ናት።

ትምህርት ቤቱ ግን ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ነበር። ሲዘጋ ሥራው መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀበር ሰዎቹ የሰሌዳዋን ንድፍ ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ማንም አይቶ መሥራት፣ ማሻሻል፣ መሸጥም ይችላል፤ ስሙን ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ። መጀመሪያ 300 ባዶ ሰሌዳ አሳትመው ለተማሪዎች አደሉ፤ መመሪያውን አንብባችሁ ራሳችሁ ገጣጥሙ፣ የሆነ ነገር ሥሩበት አሏቸው። ከተሠሩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ከጣሪያ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ የማንቂያ ሰዓት ነው። ትንሽ ልተኛ ብለህ ባጠፋኸው ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻ ተነሥተህ መቆም ግድ ነው። በየቤታችን የሚያስፈልገን ሰዓት!

ትምህርት ቤቱ ከኢቭሪያ ወጣ። ሰሌዳዋ ግን ሄደች። በእንግሊዝ አገር አድሪያን ቦየር የተባለ መምህር የራሱን ክፍሎች የሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር ለመሥራት ተነሥቶ ንድፉን በነፃ ሲለቅ፣ የዚያ ማሽን ዘሮች በአርዱዊኖ ይታዘዙ ጀመር። በአሜሪካ ሊያ ቢክሊ የምትባል የኮምፒውተር ተመራማሪ ጨርቅ ላይ የሚሰፋ ክብ ሰሌዳ ሠራች፤ በ2007 ሊሊፓድ በሚል ስም ለገበያ ወጣ። ሽቦ የለውም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር በመርፌ ይሰፋበታል።

የክሩ ነገር እኔን ወደ ሥራው አስገባኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ቱሪን ውስጥ ወዳለው ፋብ ላብ ወሰደኝ። ፋብ ላብ በአሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ኒል ገርሸንፌልድ ከሚባል መምህር ክፍል የተነሣ የጋራ የሥራ ቤት ነው፤ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ አለ። የቱሪኑ በ2012 ተከፈተ። እንጨት በሌዘር የሚቆርጥ ማሽን፣ ስሪዲ ፕሪንተር፣ የእንጨት ሥራ መሣሪያ፣ የስፌት መኪና በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ሽማግሌ አናጢና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያወራሉ።

ልጁ ለአራሷ እህቱ በጨለማ የሚበራ ነገር መሥራት ፈልጎ ነበር። ፕሮግራሙን ጽፏል፤ ሲመሽ ሴንሰሩ አይቶ ትናንሽ አምፖሎችን ያበራል። ስፌቱ ግን አልሆን አለው። ክሩ ላላ፣ አዎንታዊውና አሉታዊው መስመር እየተነካኩ ባትሪው ይሞታል። መርፌውን ተቀበልኩት። ነጭ ጨርቅ ላይ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ነደፍኩ፤ ሁለቱ መስመሮች ሳይነካኩ እንዲዞሩ ደግሞ እሱ በእርሳስ አሰመረልኝ። «እዚህ አትለፊ» ይለኛል፤ «እዚህ ጋ ካልጠበቀ ይፈታል» እለዋለሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። መብራቱን ሲያጠፉልን ጥለቱ መሐል ላይ አምስት ነጥብ በራ። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ቀርበው ክሩን ሳይሆን ስፌቱን ጠየቁኝ።

ማታ አማቼ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጨርቁን አየው። ገለበጠው፣ ከኋላ የክሩን መንገድ በጣቱ ተከተለው። ያኔ ነው የተናገርኩት። «አንተ የጠላኸው ሥራ ጀርባህን እንጂ ራስህን የማይፈልገውን ነው፤ ልክ ነህ። ይህ ልጅ የሚለው ግን ሌላ ነው» አልኩት። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ እስከ ዛሬ ከጎማ በርባሶ፣ ከቆርቆሮ ኩራዝ፣ ከበርሜል ምድጃ የሚያወጡ እጆች አሉ። ሥራቸውን ገዝተን እንገባለን፣ ልጃችን እንደነሱ እንዲሆን ግን አንሻም።

አማቼ አልመለሰልኝም። በሳምንቱ ግን የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በሩን ለወላጆች ክፍት ባደረገበት ቀን ብቻውን ሄዶ ጠይቆ መጣ። አምስት ዓመት ተምሮ የሚጨርስ ልጅ ከፈለገ ዩኒቨርሲቲ መግባት እንደሚችል ነገሩት። ይህን ቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ምዝገባው ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮምፒውተሩን አስከፍቶ ልጁን አጠገቡ አስቀመጠ፤ «ሒሳብ ላይ ብትሰንፍ ግን እኔና አንተ እንጣላለን» አለውና ቅጹን አብረው ሞሉት።

ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ወደዚያ አገር የምትሄዱ ካላችሁ ለኢቭሪያ አንድ ቀን ስጧት። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት በሚውለው ካርኒቫል ሰዉ ለሦስት ቀን በብርቱካን ይደባደባል፤ መመታት የማይፈልግ ቀይ ቆብ ያደርጋል። ብርቱካኑን የማትወዱ በሌላ ጊዜ ሂዱ፣ ጀርቪስ መንገድን በእግር ጨርሱት፣ ሙዚየሙን ግቡ። የልጅ ልጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዕቃዎቹን ስም እናንተ ንገሩት።

እኔ ስመለስ በሻንጣዬ ውስጥ ልጁ የሰጠኝ አንዲት ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ገመዷና ጥቂት አምፖሎች ነበሩ። ግቢያችን ውስጥ አሮጌ ስልክ እየፈታ ከእናቱ ጋር የሚጣላ የጎረቤት ልጅ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ካቻቢቴውን ከእኔ ይወስዳል፣ ሲጨርስ መልሶ ቦታው ያስቀምጣል።